የደምሰው ጋራዥ ወዳጆች

አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበረ።

መምህር ላቀው ታሪካቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው፤ ያለ ምንም መግቢያ። ጠያቂዋ ወለላ የምትባል አዲስ መምህርት ነበረች። የገዛቻት አሮጌ መኪና ማርሽ በተቀየረ ቁጥር እንደ ፍየል መጮኽ ጀምራለች፤ ካምቢዮዋ መሠራት አለበት። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ «የኔን መካኒክ!» እያለ ሲምልላት ሰነበተ። ግራ ሲገባት መስኮቱ ሥር ወደሚቀመጡት አዛውንት መምህር ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ሁሉም የራሱን ሰው ነው የሚያመሰግነው። ታዲያ የሚታመነውን ጋራዥ በምን ልለየው?» አለቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ይህን ነገሯት።

አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበረ። ዓይን አፋር ሰው ነው። ዳቦው ጥሩ ነው፣ ሚዛኑም የታመነ ነው። ደንበኞቹ ሲነጋ ይመጣሉ፣ ዳቦውን ያነሣሉ፣ ሒሳባቸውን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ይሄዳሉ። ስሙን የሚያውቅ የለም። ቤቱንም ሰውየውንም «ዳቦ ቤቱ» ነው የሚሉት። በስሙ የምትጠራው አንዲት ባልቴት ብቻ ነበረች፤ እሷም አንድ ቀን ዳቦዋ ውስጥ የጆንያ ክር አግኝታ፣ ክሩን ይዛ መጥታ፣ «ስምህ ማነው አንተ?» ብላ ስለጠየቀችው ነው።

ይህ ነገር ሆዱን ይበላው ነበር።

«ይኼን ያህል ዘመን ሳበላቸው አንድ ሰው እንኳ እንዴት አደርክ አይለኝም» ይላል ለሚስቱ።

«ዳቦውን በልተውት የለ? ሌላ ምን ይበሉህ?» ትለዋለች ሚስቱ።

ዳቦ ጋጋሪው አንዲት የጭነት መኪና ነበረችው። በየጠዋቱ ለሻይ ቤቶችና ለአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ዳቦ የምታደርስለት እሷ ናት። ሻይ ቤቶቹ ቢቀሩ ይቀራሉ፤ የትምህርት ቤቱ ዳቦ ከቀረ ግን ምድጃው ይጠፋል። አንድ ጠዋት ታዲያ የመኪናዋ ካምቢዮ ታመመ። ወደፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ሁሉ እምቢ አሉ። የቀረችው የኋላ ማርሽ ብቻ ናት።

ጎረቤቱ ሥጋ ሻጩ ይህን ሲሰማ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ደምሰው ጋ ውሰዳት! እንደ ደምስዬ ያለ ሰው አታገኝም። እናቴ የሞተች ጊዜ ሠልስት እስኪወጣ ከድንኳኑ ያልወጣ እሱ ነው።»

«ካምቢዮ ይችላል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ሰው ነው እልሃለሁ፣ ሰው!»

ዳቦ ጋጋሪውም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ መኪናዋን በኋላዋ እየነዳ ገበያውን አቋረጠ። ሻጮቹ ቅርጫታቸውን አቅፈው ግራና ቀኝ ተበተኑ። አደባባዩ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ በፊሽካ አስቆመው።

«ወዴት ነው እንዲህ?»

«ወደ ጋራዥ ነው ጌታዬ።»

«መኪናህን አዙርና በፊትህ ሂድ!»

«እኔማ በፊቴ ልሄድ ነበር፤ እምቢ ያለችው እሷ ናት።»

ፖሊሱ መኪናዋን ዞሮ አያት። ከዚያ ፊቱ ለስለስ አለ።

«ደምሰው ጋ ነው?»

«አዎ። እንዴት አወቁ?»

«የኔም ሞተር ብስክሌት እዚያ ናት። ሰላም በልልኝ!» አለና መንገዱን ከፈተለት።

ደምሰው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እጁ ዘይት ቢሆንም በክንዱ የሚያቅፍ ሰው ነበረ። «እንኳን ደህና መጣህ የኔ ጌታ! ስምህን ማን ልበል?» ሲለው ዳቦ ጋጋሪው ስሙን ነገረው። ደምሰው ስሙን ደጋግሞ ጠራው፤ እዚያ ለተቀመጡት ሁሉ አስተዋወቀው። ሻይ መጣ። ስለ ልጆቹ ተጠየቀ። እናቱ ጉልበቷን እንደሚያማት ሲናገር ደምሰው «ውይ እናቴን!» ብሎ ራሱን ያዘ። ስለ ካምቢዮው ያነሣ የለም። ዳቦ ጋጋሪው ሊሄድ ሲነሣ ብቻ ደምሰው የመኪናዋን አፍንጫ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞሽ፣ ምንም አልሆንሽም» አላት። በሩ ድረስ ሸኘውና፣ «እንዳትጠፋ!» አለው።

አልጠፋም። በማግሥቱ መጣ፤ መኪናዋ አልደረሰችም፣ ሻዩ ግን ደርሷል። ከዚያ ወዲያም ተመላለሰ። በመጨረሻ ደረሰች የተባለ ቀን ወደፊት ትሄዳለች፤ አሁን እምቢ ያለችው ወደኋላ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ዞረው የሚወጡበትን መንገድ ብቻ እየመረጠ ነዳ። አንድ ቀን ተሳስቶ መውጫ የሌለው ቅያስ ውስጥ ቢገባ የሰፈሩ ጎረምሶች ተሸክመው አዞሩለት፤ ለድካማቸውም ከዳቦው እያነሡ ሲበሉ ምንም ማለት አልቻለም።

መለሳት። ደምሰው አቀፈው፣ ሠራት፣ «እንዳትጠፋ!» አለው።

ቀጥሎ ካምቢዮዋ እንደ ወፍጮ ይጮኽ ጀመር። መለሳት። «ድምፁን ለኔ ተወው፣ ድራሹን አጠፋልሃለሁ» አለ ደምሰው። በዚያው ሰሞን ደምሰው አንድ ነገር ለመነው። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን የሚያነደው በሰጋቱራ ነበርና፣ «አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ብትሰጠኝ፤ ወለሉ ላይ ዘይት እየፈሰሰ አስቸገረን» አለው። ዳቦ ጋጋሪው ከደስታው ብዛት ሁለት ጆንያ ራሱ ተሸክሞ አመጣለት። እውነትም ድምፁ ድራሹ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ግን መኪናዋም አብራ ዝም አለች፤ ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ።

ዳቦው በእጅ ጋሪ መጓዝ ጀመረ። በጋሪ የሚጓዝ ዳቦ ዳገት ላይ ይዘገያል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ቦይ ውስጥ። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ የወጥ ቤት ኃላፊ ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን በር ላይ ጠበቀችው።

«ልጆቹ ዛሬም ባዶ ሆዳቸውን ክፍል ገቡ። ከሰኞ ጀምሮ ዳቦው ደወል ሳይደወል ካልደረሰ፣ ማዶ ከተከፈተው አዲሱ ዳቦ ቤት እንወስዳለን። ይቅርታ፣ ዳቦ ቤቱ።»

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት።

«መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ውሰዳት» አለችው።

«ምን ብዬ? በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሰውየው እኮ እናቴን ጠበል ድረስ ወስዷታል!»

«በምን መኪና?»

ዳቦ ጋጋሪው አሰበ።

«በታክሲ» አለ።

ሚስቱ ሊጡን ማሸት ቀጠለች፤ ግን ጠንከር አድርጋ።

የደምሰው ግቢ ምን ይመስል ነበር መሰለሽ? በአንድ በኩል መኪኖች ተሰልፈዋል። ከጎማቸው ሥር ሣር በቅሏል፤ በአንደኛዋ የኋላ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች። በሌላው በኩል አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ ባለ መኪኖቹ እዚያ ተቀምጠው ዳማ ይጫወታሉ። አብረው ብዙ ከመቀመጣቸው የተነሣ የጋራ ዕድር አቋቁመዋል። የዕድሩ ድንኳንና ሳህን የሚቀመጠው አንድ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ከግቢው ንቅንቅ እንደማይል ሁሉም እርግጠኛ ስለሆነ። የሥጋ ሻጩ ሴት ልጅና የአንድ ጡረተኛ ወታደር ወንድ ልጅ ለአባቶቻቸው ምሳ ሲያመላልሱ እዚሁ ተዋውቀው ተጋብተዋል። በሰርጉ ደምሰው ሲጨፍር ቀበቶው ተበጥሶ አገር ስቋል። ሙሽሮቹ የሄዱት ግን በኪራይ መኪና ነው።

ሐሙስ ከሰዓት የዕድሩ ምርጫ ነበረ። ዳቦ ጋጋሪው የሄደው በልቡ ሰኞን ይዞ፣ ደምሰውን «እባክህ ድረስልኝ» ሊለው ነው። ገና አፉን ሳይከፍት ሥጋ ሻጩ ተነሣ።

«ወገኖቼ! ዳኛ የሚሆነን ከግቢያችን የማይጠፋ ሰው መሆን አለበት። ከዚህ ሰው ይበልጥ የማይጠፋ ማን አለ?»

«የለም!» አሉ ሁሉም። በጭብጨባ መረጡት። ደምሰው በስሙ እየጠራ አቀፈው። ዳቦ ጋጋሪው እንባ አቀረረ፤ በዕድሜው እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅም። «ንግግር! ንግግር!» አሉት። ቆመ። ሊያመሰግናቸው ነበር አሳቡ፤ ነገር ግን ዓይኑ በተሰለፉት መኪኖች ላይ ዐረፈና ከአፉ ሌላ ነገር ወጣ።

«ወንድሞቼ፣ አንድ ችግር አለብኝ። ሰኞ ጠዋት ዳቦዬን ካላደረስኩ ምድጃዬ ይዘጋል። ለአንድ ጠዋት ብቻ መኪናውን የሚያውሰኝ ማነው?»

ግቢው በእጅ ተሞላ።

«የኔን ውሰድ!»

«የለም፣ የኔ ሰፊ ናት!»

«ኧረ ምን በወጣህ! ዛሬውኑ ይዘሃት ሂድ!» አለ ጡረተኛው ወታደር፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እየዘረጋ። ቁልፉ ዝጎ ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው ልቡ ሞቀ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «የትኛዋ ነች የምትነሣው?»

ዶሮዋ ብቻ ካካ አለች።

«የትኛዋ… ትነሣለች?» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ጥያቄውን እንደ ባዕድ ነገር እያገላበጠ። ከዚያ ሳቁ ገነፈለ። «ዳኛችን ቀልደኛ ነው እኮ!» ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ደምሰው ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ግን አልሳቀም። የጆንያ ክር ያገኘችው ባልቴት ትዝ አለችው። ከደንበኞቹ ሁሉ ስሙን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ያወቀችውም በክሩ ምክንያት ነው። ዳቦው የተስማማው ሰውማ በልቶ ሄዷል። እነዚህ ሰዎች ደምሰውን እንዲህ የወደዱት፣ ደምሰውም የእናቶቻቸውን ጉልበት አንድ በአንድ የሚያውቀው፣ ተሠርቶለት የሄደ ሰው ስለሌለ ነው። ተሠርቶለት ቢሆን ኖሮ እዚህ ምን ያስቀምጠዋል?

በማግሥቱ ጠዋት ለዳቦ ቤቱ ውሃ የሚያመጣው ሾፌር መጣ። ቦቴው ከዳቦ ጋጋሪው መኪና በብዙ ያረጀ ነው፤ ሆኖም ቀርቶ አያውቅም። ዳቦ ጋጋሪው እስከዛሬ ይህን ሰው «ደህና ዋል» ብሎት እንኳ አያውቅም ነበር። አሁን ሮጦ በሩን ያዘ።

«ወንድም፣ ካምቢዮህን የሚሠራልህ ማነው?»

«የምኔን?»

«የመኪናህን ካምቢዮ!»

«ምን ሆነና ይሠራል?» አለ ሾፌሩ። ከዚያ ኮፍያውን ገፋ አድርጎ ራሱን አከከ። «ቆይ ቆይ፤ አዎ፣ አንድ ጊዜ ተሠርቷል። ልጄ ሳትወለድ ነው። አሁን ልድራት ነው። አንድ ቀጭን ሰውዬ ነበር… ወይስ ወፍራም? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮ በር ነው።»

«ስሙስ?»

«እንጃ ወንድሜ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

ዳቦ ጋጋሪው አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። ሾፌሩ እስከ ዛሬ ድረስ ያ ሰው ለምን እንዳቀፈው አያውቅም።

በዚያው ቦቴ፣ በገመድ እየተጎተተች መኪናዋ ከደምሰው ግቢ ወጣች። የዳማው ጨዋታ ቆመ። ሥጋ ሻጩ ዓይኑን ጠረገ። ደምሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ከጎኗ እየተራመደ ሸኛትና፣ ሳይቆጣ፣ ከልቡ፣ «እንዳትጠፋ እሺ!» አለ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ግቢ ባዶ ነበረ። አንድ ሰው ከአንዲት መኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ዳቦ ጋጋሪው ጥቂት ቆሞ፣ «መቀመጫ የለም?» አለ።

«ሥራ የለህም?» አለ እግሩ።

ሰውየው ወጣ። እናትህ እንዴት ናት አላለውም። ማርሹ እምቢ ያለው ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ፣ ጩኸቱ መቼ ጀመረ፣ መቼ ቆመ፣ ዘይቱን የቀየረው ማነው ብሎ ጠየቀው።

«ለሰኞ ትደርሳለች?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?»

«አልከፈትኳትማ። ከሰዓት ና።»

ከሰዓት ሲመለስ ካምቢዮው ተፈታትቶ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። መካኒኩ በዝርግ ሳህን ጥቁር፣ ወፍራም ገንፎ የሚመስል ነገር አቀረበለት።

«ይኼን ታውቀዋለህ?»

ዳቦ ጋጋሪው በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው፣ አሸተተው፣ ብርሃን ላይ አየው። በዚህ ነገር እንኳ አይታማም።

«ሰጋቱራ ነው» አለ። እንደገና አሸተተ። «የጽድ ነው።» ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። «የኔው ነው።»

«ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ድምፅ ያፍናል» አለ መካኒኩ። «የታመመ ሰው አፉን ይዘህ ‹ዳነ› እንደማለት ነው።» ከዚያ ከተዘረጉት ዕቃዎች አንዱን አነሣ። «ይኼ ማርሽ ጥርሱ አልቋል፤ ይቀየራል። እነዚህ ደህና ናቸው፤ ይቀየሩ የሚልህ ሰው ቢመጣ አትስማው። የሚወጣውን አሮጌ ዕቃ ይዘህ ትሄዳለህ። አሁን ሂድልኝ፣ ብርሃኑን ከለከልከኝ።»

ቅዳሜ ሊመሽ ሲል መኪናዋ ደረሰች። ዳቦ ጋጋሪው ግቢው ውስጥ ወደፊት ነዳት፣ ወደኋላ ነዳት፣ ማመን አቅቶት እንደገና ወደፊት ነዳት። መካኒኩ ያለቀውን ማርሽ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ በሩን ከፈተለትና፣ «በል፣ ተመልሰህ እንዳላይህ» አለው።

ዳቦ ጋጋሪው ትንሽ ቅር አለው። ልማድ ነውና ስሙን ሊጠይቀው ከመኪናው ወረደ፤ ቆርቆሮው በር ግን ተዘግቷል።

ሰኞ ጠዋት ዳቦው ገና ትኩስ ሳለ፣ ደወሉ ሳይደወል ትምህርት ቤቱ ደረሰ። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ቅርጫቶቹን አስገባች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ገባች። ዳቦ ጋጋሪው እዚያው በር ላይ ቆሞ፣ እንደ ሐሙሱ ጭብጨባ ያለ ነገር ደረቱ ውስጥ ተሰማው። ለካ በዕድሜው ሙሉ ሲመሰገን ኖሮ አልሰማም ነበር።

ዕድሩን ግን አልተወም። ደምሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ለለቅሶ እሱን የሚያህል የለም። ዳቦ ጋጋሪው ዳኝነቱን ይዞ ቀጠለ፤ ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑን የሚያጓጉዘውም እሱ ሆነ፣ ከአባላቱ መካከል መኪናው የምትነሣ ሌላ ሰው ስላልነበረ። መኪናዋን ግን ከደምሰው በር ውጭ፣ አስፋልቱ ላይ ነበር የሚያቆማት።

መምህር ላቀው ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ ወለላ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ እነዚህ ወዳጆችሽ አልዋሹሽም። ሁሉም መካኒኩን ከልቡ ይወደዋል። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ስለሚወደድ ሰው ሳይሆን ስለሚታመን ሰው ነው። ‹ደግ ነው፣ ለሰው አዛኝ ነው› ሲሉሽ፣ እሰየው በይና መኪናቸው አሁን የት እንደቆመች ጠይቂ። ሳይከፍት ‹ምንም አልሆነችም› የሚልሽን ሸሽተሽ፣ ‹አላውቅም፣ ልየው› የሚልሽን ያዢ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ያሳይሽ። ‹እንዳትጠፊ› ብሎ የሚሸኝሽን ለሰርግሽ ጥሪው፤ መኪናሽን ግን ‹እንዳትመለሺ› ለሚልሽ ስጪ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም ያለው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ልብ ብለሻል?»

ወለላ ልብ ብላ ነበር። ቀና ስትል፣ ከሁሉ አብልጦ በመካኒኩ የማለላት የሒሳብ መምህር በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወደ ገበያው በኩል የሚሄድ አለ? እባካችሁ አድርሱኝ» ይላል።

ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ወደ መምህር ላቀው ዘወር አለች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ መኪና እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ተበላሽታ ቆማ አላየኋትም። ማነው የሠራልዎ?»

መምህር ላቀው ግንባራቸውን በጣታቸው አሻሹ።

«እንዴ… ቆይ እስቲ፣ አፌ ላይ ነበር እኮ… አንድ ቆጣ ያለ ሰውዬ ነው… ስሙን እንኳ…»

ወለላ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች።

«ይተዉት ጋሼ» አለች። «በሩ ቆርቆሮ መሆኑን ብቻ ይንገሩኝ።»